«ወራሪ ካርፕ» ሲባል ካርፕ ሁሉ ነው?

አሜሪካ ውስጥ ወንዝ ዳር «ወራሪ ካርፕ» የሚል ማስታወቂያ ያየ ሰው ካርፕ የሚባለው ዓሣ በሙሉ የተወገዘ ይመስለዋል። አይደለም። ስሙ ከእስያ የመጡ አራት ዝርያዎችን ብቻ ነው የሚመለከተው፦ ብርማውን፣ ትልቅ ራሱን፣ ጥቁሩንና ሣር በሉን። አፉ ዳር ጢም ያለው ተራው ካርፕ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እዚያ ስላለ እዚህ ውስጥ አይገባም።

ይበልጥ የሚያምታታው ደንቡ ነው። ኢሊኖይ ወንዝ ላይ ፈቃድ ይዘህ ብርማውን ካርፕ ብታጠምድ እሰየው ነው። በባልዲ ከነሕይወቱ ይዘኸው ብትሄድ ግን ጥፋተኛ ነህ። ክልከላው በሕይወት ባለው ዓሣ ላይ ነው፤ ገድለህ በረዶ ውስጥ ከከተትከው ችግር የለም።

ለምን? ጣጣው ያለው ባልዲው ውስጥ ነው። ጣት የሚያህለው የብርማ ካርፕ ጫጩት ለማጥመጃ ምግብነት ከሚሸጠው ሻድ ከሚባል ትንሽ ዓሣ ጋር ቁርጥ አንድ ነው። ዓይኑ ወደ ታች ዝቅ ማለቱን ልብ ያላለ ሰው የተረፈውን ሌላ ሐይቅ ውስጥ ይደፋና ወረራው እዚያ ይጀምራል። ወንዙ ደግሞ በቦይ ከሚሺጋን ሐይቅ ጋር ይገናኛል፤ ሮሚዮቪል የምትባል ከተማ አጠገብ ቦዩ ውስጥ የኤሌክትሪክ መከላከያ የተዘረጋው ለዚሁ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ብርማውን ካርፕ ትል ሰክተህ አትጠብቀው። የሚበላው በውኃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ነገሮችን ስለሆነ ብዙዎች በቀስት ነው የሚያድኑት፤ የጀልባ ሞተር ሲሰማም ራሱ ከውኃው ዘሎ ይወጣል።