ዱዎ ምንድን ነው? ፍጥነት ለሌለው ራኒንግ ባክ የሚስማማው ሩጫ

ዱዎ በአሜሪካን ፉትቦል መሃል ለመሃል የሚካሄድ የሩጫ ጨዋታ ነው። ስሙ ጥንድ ማለት ሲሆን ነገሩም እንደ ስሙ ነው፤ የአጥቂው ቡድን ላይንመኖች (ፊት መስመር ላይ የሚቆሙት ተጫዋቾች) ሁለት ሁለት ሆነው መሃል ላይ የቆሙትን ግዙፍ ተከላካዮች ወደ ኋላ ይገፋሉ። ሮጦ የሚያመልጥ ራኒንግ ባክ (ኳሷን ይዞ የሚሮጥ ተጫዋች) የሌለው ቡድን ከሁሉ በፊት መማር ያለበት ይህን ነው።

40 ያርድ በ4.5 ሰከንድ የሚሮጥና በ4.8 ሰከንድ የሚሮጥ ተጫዋች እኩል ቢነሱ፣ ፈጣኑ ሲጨርስ ዘገምተኛው 2.5 ያርድ ያህል ይቀረዋል። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት እርምጃዎች ግን ልዩነታቸው ከአንድ ክንድ ብዙም አይዘልም። አውትሳይድ ዞን የሚባለው ጨዋታ ሯጩን ከታይት ኢንዱ (ከመስመሩ ጫፍ ከሚቆመው ተጫዋች) ውጭ ድረስ ወደ ጎን ስለሚወስደው ያቺ ጉድለት በየእርምጃው ትሰፋለች፤ ጥጉ ጋ ሲደርስ ተከላካዩ ቀድሞት ቆሟል። ዱዎ የሚፈልገው የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች ብቻ ነው።

ተከላካዩ ቡድን ፊት ላይ አራት ሰው አሰልፏል፣ ጨዋታውም ወደ ቀኝ ነው እንበል። በአጥቂው መስመር መሃል ላይ ሴንተሩ፣ በግራና በቀኙ ጋርዶቹ፣ ከእነሱ ውጭ ታክሎቹ ይቆማሉ። ቀኝ ጋርድና ቀኝ ታክል አንዱን የመሃል ተከላካይ ይይዛሉ፤ ሴንተሩና ግራ ጋርድ ሌላውን። ግራ ታክልና ታይት ኢንዱ በየበኩላቸው ያለውን የዳር ተከላካይ ለብቻቸው ይገጥማሉ። ጥንዶቹ ዳሌ ለዳሌ ተጣብቀው ሲገፉ ዓይናቸው ከተከላካዮቹ መስመር ኋላ በቆሙት ላይንባከሮች ላይ ነው። ላይንባከሩ ወደ እነሱ ሲመጣ አንዱ ይለቅና ይቀበለዋል። ጨዋታው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ነው፤ አንዱ ላይንመን ቸኩሎ ላይንባከር ፍለጋ ሲሄድ፣ ገና ያልተገፋው ተከላካይ በተከፈተው ቀዳዳ ይገባና ሯጩን ኳሷን እንደተቀበለ ይጥለዋል። ፈጣን ሯጭ ከዚህ አንዳንዴ ያመልጣል፤ ዘገምተኛው አያመልጥም። ስለዚህ ለእሱ ሲባል ጥንዶቹ አንድ እርምጃ ያህል አብረው መቆየት አለባቸው።

ሯጩ የሚያነበው ማይክ የሚባለውን የመሃል ላይንባከር ነው። የመጀመሪያዋ እርምጃ አጭር ትሁን፤ ከዚያ ትከሻው ወደ ፊት እንደቀና በሴንተሩና በቀኝ ጋርዱ መካከል ያነጣጥራል። ማይክ ወደ ውስጥ ዘሎ ከገባ ሯጩ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ማይክ ወደ ውጭ ከተንሸራተተ ሯጩ ውስጡን ይሰነጥቃል። ይህን የሚወስነው ግን ከላይንመኖቹ ተረከዝ አንድ ያርድ ያህል ሲቀረው ነው። ቀድሞ ከታጠፈ ማይክም አብሮት ይሄዳል፣ ያኔ ነገሩ የእሽቅድምድም ይሆናል፤ ዘገምተኛው ሯጭ ደግሞ እሽቅድምድም ያሸንፋል ተብሎ አይጠበቅም። ራኒንግ ባኩ ኤሚት ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1990 ከድራፍቱ (የኤንኤፍኤል ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን ከሚመርጡበት ሥነ ሥርዓት) በፊት ፍጥነት ይጎድለዋል ይባል ነበር፤ ትዕግሥቱና ዓይኑ ግን ወደ 18,355 የሩጫ ያርድ አደረሱት፣ የኤንኤፍኤል (የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ሊግ) ክብረ ወሰንም ነው።

አቋቋሙም መታረም አለበት። ሯጩ በሾትገን (ኳርተርባኩ፣ ማለትም ኳሷን የሚያቀብለው ተጫዋች፣ ከሴንተሩ ርቆ በሚቆምበት አሰላለፍ) ከኳርተርባኩ ጎን ከቆመ ኳሷን የሚቀበለው ወደ ጎን እየሄደ ስለሆነ ትከሻው ይዞራል። የተሻለው ፒስቶል ነው፤ አሰልጣኙ ክሪስ ኦልት እ.ኤ.አ. በ2005 ኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያስጀመረው አሰላለፍ ሲሆን፣ ኳርተርባኩ ከሴንተሩ 4 ያርድ፣ ሯጩ ደግሞ ከእሱ 3 ያርድ ወደ ኋላ ይቆማሉ። ሯጩ እጅግ ዘገምተኛ ከሆነ ግማሽ ያርድ ማስጠጋት ይቻላል። ከዚያ በላይ ካስጠጉት ማይክን የሚያይበት ጊዜ ያጣል።

የቀረው ጣጣ ሴፍቲው (ከሁሉም ኋላ የሚቆመው ተከላካይ) ነው። ስድስት ብሎክ አድራጊ ስድስት ተከላካይ ይይዛል፤ ሴፍቲው ሰባተኛ ሆኖ ወደ መስመሩ ከወረደ የሚይዘው የለም። መፍትሔው ዋይድ ሪሲቨሩ (ዳር ላይ የሚቆመው ኳስ ተቀባይ) ወደ ውስጥ ገብቶ ሴፍቲውን እንዲያግድና ኮርነርባኩ (ዋይድ ሪሲቨሩን የሚጠብቀው ተከላካይ) ሳይታገድ እንዲቀር ማድረግ ነው። ኮርነርባክ ብዙውን ጊዜ ቀላል ክብደት ያለው ተጫዋች ነው፤ 100 ኪሎ የሚመዝን ሯጭ ትከሻውን ዝቅ አድርጎ ሲመጣበት ብቻውን መጣል ይከብደዋል።

ልምምዱ ብዙ ዕቃ አይጠይቅም። አምስት ኮን በላይንመኖቹ ቦታ ይደረደራሉ፤ አሰልጣኙ ከኮኖቹ ማዶ 4 ያርድ ርቆ ማይክን ይሆናል። ሯጩ ኮኖቹ ጋ ሊደርስ አንድ እርምጃ ሲቀረው አሰልጣኙ ወደ አንዱ ጎን ይንቀሳቀሳል። ሯጩ ከዚያ በፊት ከታጠፈ ሙከራው አይቆጠርም፣ እንደገና ይጀምራል።