የክትትል መድኃኒት በድሬዳዋ፦ ከቀጠሮ እስከ ቀጠሮ

ስኳር፣ ደም ግፊት፣ አስም ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው መድኃኒት አንዴ ገዝቶ አይገላገልም። በየወሩ ወይም በየሁለት ሦስት ወሩ እያሳደሰ ዓመታት ይቆጠራሉ። ድሬዳዋ ላይ እንዲህ ያለውን ሰው «ክትትል አለው» ይሉታል። ካርዱ፣ ቀጠሮው፣ ምርመራውና ማዘዣው አንዱ ከሌላው ጋር ተያይዘው ነው የሚሄዱት። በአብዛኛው ማዘዣው የሚታደሰው ታካሚው በቀጠሮው ቀን ሲገኝ ነው።

መነሻው ብዙ ጊዜ የሰፈር ጤና ጣቢያ ነው። የለገሃሬ ሰው ለገሃሬ፣ የገንደ ቆሬ ሰው ገንደ ቆሬ ይከታተላል። ከበድ ያለው ጉዳይ በሪፈር ወደ ሳቢያን ሆስፒታል ወይም ወደ ድል ጮራ ይላካል። ድል ጮራ ከሽንሌና ከምሥራቅ ሐረርጌ የሚመጡትንም ስለሚያይ ማለዳው ሰልፍ ነው። ሐረር ላይ ይህን ሥራ ጁገል ሆስፒታልና ሕይወት ፋና ይሠሩታል።

የቀጠሮ ቀን የሚጀምረው ከካርድ ክፍል ነው። ግፊት ይለካል፣ የስኳር ታካሚ ደም ይሰጣል፣ ከዚያ ሐኪም፣ ከዚያ የመድኃኒት መስኮት። በባዶ ሆድ ኑ የተባለ ሰው ቁርሱን ቋጥሮ ቢሄድ ጥሩ ነው። በተለይ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው መርፌውን ቤት ወግቶ ሳይበላ ሰልፍ ላይ ቢቆይ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል።

ብዙ ሰው የሚቸገረው ግን በቀን ቆጠራ ነው። በቀን ሁለት ክኒን የሚውጥ ሰው 60 ክኒን ተሰጠው እንበል። የሚበቃው ለ30 ቀን ነው። ቀጠሮው በ5 ሳምንት ከተያዘ 5 ቀን ባዶ ይቀራል። ጳጉሜ ደግሞ ይህን ነገር ታባብሰዋለች። ነሐሴ 15 የወር መድኃኒት ወስዶ መስከረም 15 የተቀጠረ ሰው 35 ቀን ይጠብቃል፤ ጳጉሜ 6 በምትሆንበት ዓመት 36። እናቴ የግፊት ታካሚ ናት። አንድ ዓመት እንቁጣጣሽን ያለ ክኒን አሳልፋለች፣ እኔም ያወቅሁት ካለፈ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱን ገና ከመስኮቱ ሳልርቅ እቆጥራለሁ። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም ስለሌለ «አቦ፣ ይሄ እስከ ቀጠሮዬ ያደርሰኛል?» ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም። ከጎደለ ማዘዣውን የጻፈው ሐኪም ገና እዚያው ነው፤ ያስተካክለዋል።

ጥቂት ቀን መዝለል ምን አለው የሚል አለ። ለሚጥል በሽታ ፌኖባርቢታል የሚወስድ ሰው በድንገት ካቋረጠ ሕመሙ በርትቶ ሊመለስበት ይችላል። ይህ መድኃኒት በተራ ማዘዣ ሳይሆን በልዩ ማዘዣ ወረቀት የሚወጣ ስለሆነ፣ አለቀብኝ ብሎ ከየትም ፋርማሲ አይገዛም። የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች በዚህ ረገድ ቀሎላቸዋል። ከ2010 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ጤናቸው የተረጋጋ ታካሚዎች የ6 ወር መድኃኒት በአንዴ መውሰድ ችለዋል።

መስኮቱ ላይ «የለም፣ ከውጭ ግዛ» መባልም አለ። ከውጭ ማለት ከግል ፋርማሲ ነው፣ ዋጋውም ይለያል። የማኅበረሰብ ጤና መድን ያለው ቤተሰብ በዓመት መዋጮ ከፍሎ በጤና ጣቢያው ይታከማል፣ ሆስፒታል የሚሄደውም በሪፈር ነው። መድኃኒቱ ከሌለ ማዘዣው ላይ እንዲጻፍበት መጠየቅና የገዙበትን ደረሰኝ ማስቀመጥ ይጠቅማል። ከኮንትሮባንድ ዕቃ ጋር የሚሸጥ መድኃኒት ግን ርካሽ ቢሆንም አይገዛ። በምን ሙቀት ተጉዞ እንደመጣ የሚያውቅ የለም።

ከውጭ ሲገዛ የክኒኑ መልክ ይቀየራል። «ነጯን ስጠኝ» የሚል ታካሚ ብዙ ነው፤ ነገር ግን አንዱ ፋብሪካ አምሎዲፒን የተባለውን የግፊት ክኒን በነጭ፣ ሌላው በሌላ ቀለም ሊያወጣው ይችላል። ሁለቱን የተለያዩ መድኃኒቶች መስለውት አብሮ የሚውጥ ሰው መጠኑን እጥፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ባዶውን ማሸጊያ ይዞ መሄድና ስሙን ማሳየት ያዋጣል።

ኢንሱሊን ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ይቀመጣል። በረዶ ከያዘ ተበላሽቷል። የተከፈተው ለ4 ሳምንት ገደማ ነው የሚያገለግለው። 10 ሚሊ ሊትር ያለው ብልቃጥ 1,000 ዩኒት ይይዛል። በቀን 20 ዩኒት የሚወጋ ሰው ስሌቱ 50 ቀን ቢያሳየውም በወሩ ገደማ አዲስ ያስፈልገዋል ማለት ነው። በድሬ ሙቀት ፍሪጅ የሌለው ቤት ብልቃጡን በደንብ በታሰረ ላስቲክ አድርጎ፣ ውኃ በያዘ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ጥላ ላይ ያስቀምጣል። ሸክላው ውኃውን በላብ መልክ እያወጣ ይቀዘቅዛል።

ረመዳን ሲቃረብ ሌላ ጥያቄ ይመጣል። የጠዋትና የማታው መርፌ በስሑርና በአፍጥር ሰዓት እንዴት ይከፈላል? በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚቆዩ ታካሚዎችም ይህንኑ ይጠይቃሉ። መልሱ እንደ መድኃኒቱ ዓይነትና እንደ ሰውየው ይለያያል፤ መጾም የማይፈቀድላቸውም አሉ። ሰዓቱን በራስ ማሸጋሸግ አደገኛ ነው። ጥሩው ጊዜ ከጾሙ በፊት ያለው የመጨረሻው ቀጠሮ ነው። ሐኪሙ መጠኑን ከቀየረ አዲሱ ማዘዣ በዚያው ቀን ይጻፋል፣ መስኮቱም ላይ የሚሰጠው ብዛት በዚያው ልክ ይሆናል።