ይግባኝ ምንድን ነው? ዕፅ በመሸጥ ጥፋተኛ ለተባለ ሰው ቤተሰብ

አዳማ ውስጥ በሰፈራችን አንድ ወጣት ካናቢስ ሸጧል ተብሎ ተፈረደበት። እናቱ በማግስቱ ቤቴ መጥተው በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ወረቀት ፈትተው ሰጡኝ። ከማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ከፍለው ያስጻፉት የይግባኝ አቤቱታ ነው። ሁለት ገጽ ሙሉ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ አባቱ ሞቷል፣ እናቱን የሚጦረው እሱ ነው፣ ይማሩት። አንብቤ አንጀቴ ተላወሰ። ነገር ግን ያ የምሕረት ልመና እንጂ ይግባኝ አልነበረም።

ይግባኝ ማለት «የበታች ፍርድ ቤት ተሳስቷል፤ የበላዩ መዝገቡን መርምሮ ያርምልኝ» ማለት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20(6) ያረጋገጠው መብት ስለሆነ ሲጠይቁት አንገት መድፋት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ስህተቱን በጣት ማሳየት ነው።

በዕፅ ጉዳይ ስህተቱ የት ሊገኝ ይችላል? የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 ለዕፅ ዝውውር ከአምስት ዓመት የማያንስ ጽኑ እስራትና እስከ 100,000 ብር መቀጮ ይደነግጋል፤ ስለዚህ እያንዳንዷ ማስረጃ ከባድ ሚዛን አላት። የተያዘው ቅጠል የታሸገው በማን ፊት ነው? ለምርመራ የተላከው ኤግዚቢት (በማስረጃነት የተያዘው ዕቃ) እና ከልጁ ኪስ ወጣ የተባለው አንድ ነው? ክብደቱስ በፍተሻው ቃለ ጉባኤና በምርመራው ውጤት ላይ ይመሳሰላል? ምስክሮቹ ሲሸጥ አይተዋል ወይስ ሲፈተሽ ብቻ ነው የደረሱት? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ በእኔ እምነት ከሁሉ ይበልጣል። ይዞ መገኘት ራሱ ወንጀል ቢሆንም፣ መሸጡን ያየ ሰው ሳይኖር «ሸጧል» የሚል ፍርድ ከተሰጠ፣ ጠንካራው የይግባኝ ነጥብ እሱ ነው። ጥፋተኝነቱ ትክክል ሆኖ ሳለ የቅጣቱ አወሳሰን የተሳሳተ እንደሆነም በቅጣቱ ላይ ብቻ ይግባኝ ማለት ይቻላል። የአባት መሞትና እናትን መጦር ቦታ ቢያገኙ እዚያ ነው።

ወንጀሉን አምኖ የተፈረደበት ሰው ግን ጥፋተኛ መባሉን በይግባኝ ሊቃወም አይችልም፤ የሚቀረው ቅጣቱን መከራከር ነው። «እመንና ይቀልልሃል» የሚል ምክር ሲሰጥ ይህ ተጨምሮ ቢነገር ምንኛ መልካም ነበር!

ቀን ደግሞ ጨካኝ ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ እንደሚለው ይግባኝ ለማለት መፈለጉን ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ማሳወቅ፣ የውሳኔው ግልባጭ ከደረሰ በኋላ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ ዝርዝር አቤቱታውን ማስገባት ያስፈልጋል። ታራሚ በማረሚያ ቤቱ አስተዳደር በኩል ማቅረብ ይችላል። ቀኑ ያለፈበት በቂ ምክንያት ካለው ያስፈቅዳል፤ ፈቃዱ ግን እርግጠኛ ነገር አይደለም። ይግባኝ መባሉም ብቻውን ቅጣቱን አያስቆምም፤ አፈጻጸሙ እንዲታገድ ለብቻው መጠየቅ አለበት።

የት ይቀርባል? ይህ መጀመሪያ በፈረደው ፍርድ ቤት ይወሰናል። የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንደ ዕፅ ዝውውር ባለ የፌዴራል ጉዳይ ከፈረደ ይግባኙ ለክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው፤ የፈረደው የክልሉ ጠቅላይ ከሆነ ለፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሄዳል። የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ መዝገቡ አዲስ አበባ የሚሄድ ከሆነ የትርጉም ነገር ከወዲሁ ይታሰብበት፤ ትርጉም ቀን ይበላል።

አቤቱታው ሲቀርብ ዳኞቹ መጀመሪያ የሚያዩት «ያስቀርባል» ወይስ «አያስቀርብም» የሚለውን ነው። አያስቀርብም ከተባለ ዐቃቤ ሕግ እንኳ ሳይጠራ መዝገቡ ይዘጋል። ያስቀርባል ከተባለ ክርክር ይሰማል፤ ከዚያ ውሳኔው ይጸናል፣ ይሻሻላል ወይም ይሻራል። ሰበር የሚባለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ያለ፣ መሠረታዊ የሕግ ስህተት ብቻ የሚታይበት ሌላ ደጅ ነው።

ከእናትየው ጋር መዝገብ ቤት የሄድነው ፍርዱ በተሰጠ በዘጠነኛው ቀን ነው። አዲሱ ወረቀት አንድ ገጽ ተኩል ሆነ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «የዐቃቤ ሕግ ሁለተኛ ምስክር ሽያጩን አላየሁም ብሎ መስክሯል» ይላል። እናትየው ሦስት ጊዜ ካስነበቡኝ በኋላ «ስለ አባቱ የሚለውስ?» አሉኝ። መጨረሻ ላይ፣ በቅጣቱ ሥር መኖሩን አሳየኋቸው።