የአንድ ምሁር «ወረቀቶች» ምንድን ናቸው?

የሥነ ጽሑፍ ምሁሩ ኤድዋርድ ሰኢድ በ2003 እ.ኤ.አ. ሲሞት መጻሕፍቱ በየመደርደሪያው ነበሩ። ወረቀቶቹ ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። እነሱ ያሉት ከ1963 ጀምሮ እንግሊዝኛና ንጽጽራዊ ሥነ ጽሑፍ (የተለያዩ ቋንቋዎችን ሥነ ጽሑፍ እያነጻጸሩ ማጥናት) ባስተማረበት፣ ኒውዮርክ በሚገኘው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ነው።

«የእገሌ ወረቀቶች» ሲባል ሰውየው በሥራና በኑሮ ያጠራቀመው፣ አብዛኛው ያልታተመ ጽሑፍ ማለት ነው። ደብዳቤ፣ ረቂቅ፣ የክፍል ማስታወሻ፣ አንዳንዴም ቀጠሮ የተጫረበት ብጣሽ ወረቀት ሳይቀር። ራሱ በሕይወት እያለ ወይም ቤተሰቡ በኋላ ለአንድ ተቋም ይሰጡታል፤ ይሸጡታልም። የንጽጽራዊ ሥነ ጽሑፍ ሰው ሲሆን አንዱ ፎልደር ፈረንሳይኛ፣ ቀጣዩ ጀርመንኛ ሊሆን ይችላል። መዝጋቢው ቋንቋ ካልቻለ ጉድ ፈላ!

የመዛግብት ባለሙያዎች አንድ ጥብቅ ልማድ አላቸው፤ ባለቤቱ ያስቀመጠበትን ቅደም ተከተል አይነኩም። አንድ ደብዳቤ ከአንድ ረቂቅ ጋር ታጥፎ ከተገኘ፣ ምናልባት ረቂቁ ሲጻፍ አጠገቡ ነበር። ሁሉንም በቀን ልደርድር ያለ ሰው ይህን ፍንጭ ያጠፋዋል። ወረቀቱ እንዲያው ዝርክርክ ብሎ ከመጣ ግን ባለሙያው ራሱ መልክ ያስይዘዋል፤ ይህንንም በክምችቱ መዘርዝር ላይ ይጽፋል። አንባቢ ሣጥን የሚያዘው ያንን መዘርዝር አይቶ ነው። ሁሉም ክፍት አይደለም። የተማሪ ውጤት ለምሳሌ ለረጅም ዓመታት ሊታሸግ ይችላል። የቅጂ መብቱም ብዙ ጊዜ ከወራሾች እጅ አይወጣም።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ሣጥኑ የማይናገረው ነገር ነው። ትውልደ ቤልጂየማዊው ፖል ደ ማን በዬል ዩኒቨርሲቲ የንጽጽራዊ ሥነ ጽሑፍ ፕሮፌሰር ነበር። በ1983 ሞተ፤ ወረቀቶቹ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ኧርቫይን ይገኛሉ። በ1987 ስሙን ያናጋው ጉድ ግን የወጣው ከድሮ የቤልጂየም ጋዜጦች ነው። ወጣት ሳለ፣ አገሩ በናዚ በተያዘችበት ዘመን ብዙ ጽሑፎች አሳትሞባቸው ነበር፤ አንዱ ግልጽ ፀረ አይሁድ ነው። ያገኛቸው ስለ እሱ ያጠና የነበረ ቤልጂየማዊ ተማሪ ነው።

ለነገሩ የራስ ወረቀት ማለት ባለቤቱ ሳይጥል ያቆየው ነው። ደብዳቤም ቢሆን ያው ነው። ኮፒ ካላስቀረ በስተቀር ምሁሩ የላከው የሚገኘው በተቀባዩ ወረቀቶች ውስጥ ነው። ስለዚህ አንድን ሰው በደንብ ላጥና የሚል የጓደኞቹንም ሣጥን ማስከፈት ይኖርበታል፤ ያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌላ ከተማ፣ ሌላ አገር ነው።