ሰር ጆን ፓርኔልና ቤተሰቡ

ባሮኔት ከባሮን ዝቅ የሚል የብሪታንያ ማዕረግ ነው። ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል፣ ማዕረጉን የያዘው ሰውም «ሰር» ይባላል። በጌቶች ምክር ቤት፣ ማለትም በፓርላማው የመኳንንት ክፍል፣ ወንበር ግን አያሰጥም። ስለዚህ ፖለቲካ ያማረው ባሮኔት መመረጥ ነበረበት። ምርጫ ሲባል የዛሬው ዓይነት አይምሰላችሁ፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን አየርላንድ ብዙው ወንበር በባለርስቶች ኪስ ውስጥ ነበር።

የአየርላንዱ ፖለቲከኛ ባሮኔት ሰር ጆን ፓርኔል በ1744 (እ.ኤ.አ.) ተወለደ። ቤተሰቡ ከእንግሊዝ፣ ከኮንግልተን የመጣ ፕሮቴስታንት ነው። የአያቱ ወንድም ቶማስ ገጣሚ ነበር። ባሮኔትነቱን በ1766 ያገኘው አባቱ ሲሆን፣ ልጅ በ1782 ወረሰ።

ከ1785 ጀምሮ የአየርላንድ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኖ ሠራ። አየርላንዳውያን በብሪታንያ አገዛዝ ላይ ካነሱት የ1798ቱ አመፅ በኋላ ለንደን የደብሊኑን ፓርላማ ከራሷ ጋር ልትቀላቅል ተነሳች። ፓርኔል እምቢ አለ። በጥር 1799 ከሥልጣኑ ተነሣና አይዛክ ኮሪ ተተካ። በዚያው ወር የመንግሥት ሐሳብ በ111 ለ106 ድምፅ ወደቀ። መንግሥት ግን አልተኛም። ማዕረግ ታደለ፣ ወንበሩ ለሚሰረዝበት የምርጫ ክልል ባለቤት 15,000 ፓውንድ ካሳ ተቆረጠ። በ1800 ሕጉ አለፈ። ፓርኔል የተሟገተለት ፓርላማ ካቶሊክ የማይገባበት ነበር፤ ይህን ሳያነሱ እሱን ብቻ ጀግና ማድረግ ይከብዳል። በታኅሣሥ 1801 ለንደን ውስጥ ሞተ።

ከሚስቱ ሌቲሺያ ብሩክ የወለደው ታላቁ ልጅ ጆን ኦገስተስ አካል ጉዳተኛ ነበር። አባትየው በልዩ የፓርላማ ሕግ ርስቱን ለሁለተኛው ልጁ ለሄንሪ አስተላለፈ። ማዕረጉን ግን ሕጉ አልነካውም፤ ሄንሪ ባሮኔት የሆነው ወንድሙ በ1812 ሲሞት ነው። ሄንሪ ከአባቱ በተቃራኒ ለካቶሊኮች መብት ተሟገተ። በ1841 ሎርድ ኮንግልተን ተባለ፣ በዓመቱ ሞተ።

ሦስተኛው ልጅ ዊልያም የአቮንዴልን ርስት ወሰደ። የልጅ ልጁ ቻርልስ ስቱዋርት ፓርኔል እዚያ በ1846 ተወለደ። እናቱ ዲሊያ የአሜሪካ አድሚራል ልጅ ነች። ቅድመ አያቱ ያጣውን የደብሊን ፓርላማ ለመመለስ የታገለው እሱ ነው። እህቶቹ ፋኒና አናም ለጭሰኞች መብት የሚታገለውን የሴቶች የመሬት ማኅበር መሩ። ቻርልስ የፍቅረኛው ባል ባቀረበው የፍቺ ክስ ምክንያት ፓርቲው ለሁለት ከተሰነጠቀ በኋላ በ1891፣ በ45 ዓመቱ አለፈ።

አቮንዴልን መንግሥት በ1904 ገዝቶ የደን ትምህርት ቤት አደረገው። ቤቱን ያሠራው ሳሙኤል ሄይስ፣ ለሰር ጆን ያወረሰውም እሱ፣ ስለ ዛፍ ተከላ መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነበር።