«ዕድሜ ነው» የምንለው ድብርት

አንድ አዛውንት ምግብ ሲቀንሱ፣ ሌሊት እንቅልፍ ሲያጡ፣ ከሰው ሲርቁ ቶሎ የሚመጣልን መልስ «ዕድሜ ነው» የሚል ነው። እኔ ይህችን አባባል አልወዳትም። ድብርት የእርጅና ግዴታ አይደለም። መታከም የሚችል ሕመም ነው።

ግራ የሚያጋባው፣ በአረጋውያን ላይ መልኩን መቀየሩ ነው። ብዙዎቹ «ከፍቶኛል» አይሉም። «ወገቤን»፣ «ሆዴን»፣ «አቅም አጣሁ» ነው የሚሉት። ምርመራው ምንም ካላሳየ «ምንም የለብዎትም» ይባላሉ። ሕመሙ ግን የውሸት አይደለም። ድብርት ራሱ ሰውነትን ያሳምማል።

በተቃራኒውም አለ። የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለ ዕጢ) ሆርሞን ማነስ ወይም የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ሰውን ድብርት የያዘው ሊያስመስል ይችላል። አንዳንድ መድኃኒቶችም እንዲሁ። ስለዚህ ሐኪሙ ደም ሲያስመረምር «አእምሮ ከደም ጋር ምን አገናኘው?» አትበሉ። አዛውንቱ የሚወስዱትን ኪኒን ሁሉ ሰብስባችሁ አሳዩት።

ደግሞ የጉልበት ሕመም አለ። ጉልበቱን ያመመው ሰው ከቤት አይወጣም። አለመውጣቱ ይደብረዋል። ሲደብረው ጭራሽ አይንቀሳቀስም፤ ጡንቻው ይደክማል፤ ጉልበቱም ይብስበታል። ጆሮው የደከመም ጨዋታውን መከታተል ሲያቅተው ዝም ማለት ይጀምራል። እኛ «ኮርተዋል» እንላለን!

ሐዘኑ ወይም የነገር ሁሉ ፍላጎት ማጣቱ አብዛኛውን ቀን፣ ለ2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ ሐኪም ይየው። በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ድንገት መዘባረቅ ከመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኢንፌክሽን ወይም የፈሳሽ እጥረት ሊሆን ስለሚችል፣ በዚያው ቀን መታየት አለባቸው።