የጨው ውኃ አኳሪየም በጎጃም፦ ስለ መነሻ ወጪው የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ ወይም ፍኖተ ሰላም ተቀምጦ ሳሎኑ ውስጥ ኮራልና የባሕር ዓሣ ማኖር የሚያምረው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የመስታወቱንና የዓሣውን ዋጋ ነው። ገንዘቡ የሚሄደው ግን ውኃው ላይ ነው፤ ውኃውን ማጣራት፣ ወደ ባሕር ውኃ መለወጥ፣ ከዚያም ሙቀቱንና እንቅስቃሴውን ሌት ተቀን መጠበቅ። ከዚህ በታች ያለው ስሌት በሙሉ ርዝመቱ 80፣ ወርዱ 40፣ ቁመቱ 40 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ገንዳ ነው። ድንጋይና አሸዋ ከገባበት በኋላ 100 ሊትር ገደማ ውኃ ይይዛል። አብዛኛው ዕቃ ከውጭ ስለሚመጣና ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን ዋጋውን በዶላር አስቀምጠነዋል፤ በዕለቱ ምንዛሪ ማባዛት ነው።

«ዋናው ወጪ መስታወቱ ነው»

አይደለም። እንዲያውም እዚሁ የሚሠራው እሱ ብቻ ነው። አሉሚኒየምና መስታወት ቤት ባለ 8 ሚሊ መስታወት ያስቆርጡ፦ ለወለሉ አንድ 80 በ40፣ ለፊትና ለኋላ ሁለት 80 በ40፣ ለጎንና ጎን ሁለት 38.2 በ40። ጎኖቹ ያጠሩት የፊትና የኋላው መስታወት ውፍረት 1.6 ሴንቲ ሜትር ስለሚወስድና በየበኩሉ 1 ሚሊ ለሲሊኮን ስለሚተው ነው። ቆራጩ ይህን 1 ሚሊ ረስቶ መስታወት ከመስታወት ጋር ካጋጠመው፣ ሲሊኮኑ የሚይዝበት ቦታ ያጣና ከወራት በኋላ ጥግ ጥጉን ማንጠባጠብ ይጀምራል።

ሲሊኮኑ ሲቀባ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ይሁን፤ ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው የሻጋታ ማጥፊያ ስለተቀላቀለበት ገንዳው ውስጥ ያለውን ሕይወት ይጎዳል። 7 ቀን ይድረቅ፣ ከዚያ ግቢ ውስጥ በቧንቧ ውኃ ሞልተው ሁለት ቀን ይመልከቱት። ቁመቱን ከ40 ሴንቲ ሜትር አያሳልፉ፤ መስታወቱን የሚገፋው የውኃው ከፍታ እንጂ የገንዳው ርዝመት አይደለም። ሲሞላ ከ150 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ቡፌ ላይ አይቀመጥም፤ የብረት ማስቀመጫ ያስበይዱለት።

ሌላው ወጪ ይህን ይመስላል። ባለ አራት ደረጃ የውኃ ማጣሪያ ከ70 እስከ 120 ዶላር፣ 20 ኪሎ የባሕር ጨው ከ60 እስከ 90፣ የኮራል ኤልኢዲ መብራት ከ100 እስከ 250፣ ማሞቂያና ተቆጣጣሪው ከ40 እስከ 60፣ የሞገድ ፓምፕ ከ30 እስከ 80፣ የጨዋማነት መለኪያው ሪፍራክቶሜትር ከ25 እስከ 40፣ የውኃ መመርመሪያዎች ከ80 እስከ 120፣ 12 ኪሎ ድንጋይ ከ60 እስከ 100፣ 10 ኪሎ አሸዋ ከ25 እስከ 40። ድምሩ ከ490 እስከ 900 ዶላር ይሆናል። ይህ ውጭ አገር ሱቅ ላይ ያለው ዋጋ ነው፤ ማጓጓዣና ቀረጥ ይጨመርበታል። ከታች የምናነሣቸው ግፊት ማሳደጊያ ፓምፕና መጠባበቂያ ባትሪ፣ ዓሣና ኮራሉም ገና አልገቡበትም።

«ጨው ያው ጨው ነው፤ ከአፋር የሚመጣው ይበቃል»

የወጥ ቤት ጨውም ሆነ አሞሌው ሶዲየም ክሎራይድ ነው። በአንድ ኪሎ የባሕር ውኃ ውስጥ ግን ከእሱ ሌላ 1.3 ግራም ገደማ ማግኒዥየም፣ 0.4 ግራም ካልሲየም፣ 0.4 ግራም ፖታሲየምና 2.7 ግራም ሰልፌት አለ። ኮራል አጽሙን የሚገነባው ከካልሲየምና ከካርቦኔት ነው። እነዚህ ከሌሉ ውኃው ጨዋማ ይሁን እንጂ ለኮራሉ ባዶ ነው። ብዙ ሰው ችግሩ አዮዲኑ ይመስለዋል፤ አዮዲን የሌለበት ጨው ቢያገኙም ለውጥ የለውም።

ለአኳሪየም የተዘጋጀ ጨው በሊትር 37 ግራም ገደማ ይገባል። ለመጀመሪያው ሙሌት 3.7 ኪሎ፣ ከዚያ በየሳምንቱ 10 ሊትር ለመቀየር 370 ግራም ነው። የ20 ኪሎው ጨው በዚህ ሒሳብ ከ10 ወር አያልፍም፤ ሁለተኛውን ከወዲሁ ያስቡ። ሲያዘጋጁ ጨውን ውኃው ላይ ይጨምሩ እንጂ ውኃን ደረቅ ጨው ላይ አያፍስሱ፤ ካልሲየሙ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይዘቅጥና ተመልሶ አይሟሟም። በፓምፕ እያማሰሉ አንድ ቀን ያቆዩት። ልኩ 35 ግራም በኪሎ፣ በሪፍራክቶሜትር 1.026 ገደማ ነው። መሣሪያውን በንጹሕ ውኃ ሳይሆን ጨዋማነቱ 35 በሆነ መለኪያ ፈሳሽ ያስተካክሉት።

«ጣና አፍንጫችን ሥር እያለ የውኃ ማጣሪያ ለምን?»

ጣና የጨው አልባ ውኃ ሐይቅ ነው። ከደለሉ በተጨማሪ ከእርሻ ታጥቦ የሚገባ ናይትሬትና ፎስፌት አለበት፤ እምቦጭን ያፋፋው ይኸው ምግብ አኳሪየም ውስጥ ድንጋዩን በአረንጓዴ አልጌ ይሸፍነዋል። የዝናብ ውኃስ? ከቆርቆሮ ጣሪያ ሲወርድ ዚንክ ይዞ ይመጣል፣ ዚንክ ደግሞ ቀንድ አውጣን፣ ሽሪምፕንና ኮራልን ይጎዳል። ማፍላት የሟሟውን ነገር አያወጣም። የታሸገ ውኃም የራሱ ማዕድን አለው።

ስለዚህ አርኦ ማጣሪያ፣ ማለትም ውኃውን በግፊት በሜምብሬን (በረቂቅ ወንፊት) የሚያሳልፍ ማጣሪያ፣ ያስፈልጋል፤ በስተመጨረሻው ላይ ቀሪውን ማዕድን የሚለቅም ሬዚን ያለው። የሟሟ ማዕድን መለኪያው 0 ማሳየት አለበት፤ ከ2 ወይም ከ3 ካለፈ ሬዚኑ አልቋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ገንዘቡን ያቃጥላል። የአርኦው ሜምብሬን በትክክል የሚሠራው ከ3 እስከ 4 ባር ግፊት ሲያገኝ ነው። የቧንቧ ውኃ በፈረቃ ሲመጣ ሮቶ የሚሞላ ቤት ግን ግፊቱን የሚያገኘው ከሮቶው ከፍታ ነው፤ በየሜትሩ 0.1 ባር። 3 ሜትር ማማ ላይ ያለ ሮቶ የሚሰጠው 0.3 ባር ብቻ ነው። ማጣሪያው ጠብ ጠብ ይላል፣ አብዛኛው ውኃ በቆሻሻው ቱቦ ይወጣል፣ ባለቤቱም «ማጣሪያው ፎርጅድ ነው» ብሎ ሌላ ይገዛል። የሚያስፈልገው አነስተኛ ግፊት ማሳደጊያ ፓምፕ ነው፤ ከመጀመሪያው አብሮ ይታዘዝ።

ግፊቱ ልክ ሲሆን ለ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 3 ሊትር ገደማ ይወገዳል። በሳምንት 20 ሊትር ለማውጣት 80 ሊትር የቧንቧ ውኃ ይገባል ማለት ነው። የሚወገደው 60 ሊትር ማዕድኑ ትንሽ የበዛ የቧንቧ ውኃ ስለሆነ በባልዲ ተቀብሎ ልብስ ማጠብ፣ ወለል መወልወል ይቻላል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር እንደዚያ ማድረግ ተገቢም ነው።

«ድንጋይ ሞልቶ የለም እንዴ?»

ግማሽ እውነት አለው፤ ደህና ገንዘብ የሚተርፈውም እዚህ ላይ ነው። የጎጃም ደጋ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሸፈነ ነው። ጥቁር ድንጋዩ ውኃውን ያን ያህል ባይጎዳም ድፍን ነው፤ ቆሻሻውን የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች የሚሰፍሩበት ቀዳዳ የለውም። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ግን ከጥቁር ድንጋዩ ሥር የኖራ ድንጋይ ይወጣል። በጁራሲክ ዘመን አካባቢው በባሕር ተሸፍኖ ሳለ የተነጠፈ ነው። ይህ ድንጋይ ካልሲየም ካርቦኔት በመሆኑ ለባሕር ውኃ ይስማማል።

አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በዚያው ሸለቆ ጂፕሰምም አለ፣ እሱ ደግሞ ውኃ ውስጥ እየሟሟ ካልሲየሙን ከልክ ያሳልፈዋል። መለያው ቀላል ነው። ድንጋዩን በሚስማር ጫር ጫር አድርገው ሎሚ ይጭመቁበት፦ የኖራ ድንጋይ አረፋ ያወጣል፣ ጂፕሰም ዝም ይላል፤ ጂፕሰም በጥፍር ራሱ ይፋቃል። ዝገት የመሰለ ቀይ መስመር ያለውን ይተዉት። የተመረጠውን በብሩሽ ፈትገው ሁለት ሳምንት ውኃ እየቀየሩ ይዘፍዝፉት።

የዓባይ ኖራ ድንጋይም ቢሆን ጥቅጥቅ ያለ ነው። ስለዚህ ከታች መሠረት ይሁን፤ ከላይ 6 ኪሎ ቀዳዳ የበዛበት ከውጭ የመጣ ድንጋይ ይደርደርበት። የ12 ኪሎው ዋጋና ጭነት በግማሽ ይቀንሳል።

«በትንሽ ገንዳ ልጀምር፣ እሱ ይረክሳል»

በበጋ ጎጃም ውስጥ አየሩ ደረቅ፣ ቤቱ ቀዝቃዛ፣ ውኃው ደግሞ 25 ዲግሪ ነው። ክፍት ገንዳ በቀን 1 ሊትር ተኩል ሊተን ይችላል፤ የሚተነው ውኃው ብቻ ነው፣ ጨው ይቀራል። የ100 ሊትሩ ገንዳ ጨዋማነት በአንድ ቀን ከ35 ወደ 35.5 ይወጣል። ባለቤቱ ለፋሲካ አገር ቤት ሄዶ አራት ቀን ቢቆይ 37 ይደርሳል፤ ይህ ይታለፋል። ባለ 30 ሊትሩ በቀን ግማሽ ሊትር ብቻ ቢቀንስ እንኳ ያው 37 ላይ ይደርሳል፤ ከዚህ ሌላ ማሞቂያው ሲበላሽ በሰዓታት ውስጥ ይቀዘቅዛል፣ አንድ ዓሣ ሲሞትበት አሞኒያው ወዲያው ይንራል። የተነነውን የሚተካው ጨው የሌለው ንጹሕ ውኃ ነው። ጨዋማ ውኃ የሚጨምር ሰው በየቀኑ ጨው እየከመረ ነው።

«ሙሉ ዕቃው ካልተሟላ አይጀመርም»

ፕሮቲን ስኪመር (ቆሻሻውን በአረፋ የሚያወጣ መሣሪያ)፣ ከሥር የሚቀመጥ ተጨማሪ ገንዳ፣ ማዕድን በራሱ የሚጨምር ፓምፕ፦ ሳምንታዊ 10 ሊትር ለሚቀየርበት የ100 ሊትር ገንዳ አያስፈልጉም። ባለ ድንጋይ አጽም ኮራል ለመጀመሪያ ዓመት ከተተወና የድንጋይ አጽም በሌላቸው በዞዋንቲድ፣ በእንጉዳይ ኮራልና በሌዘር ኮራል ከተጀመረ መብራቱም 60 ዋት ይበቃዋል። የማይቆጠበው ማጣሪያው፣ ጨውና ሪፍራክቶሜትሩ፣ ከእነሱም ጋር የመጠባበቂያ ባትሪው ነው።

«አንዴ ከተገዛ በኋላ ወጪ የለውም፣ መብራት ቢጠፋም ጄኔሬተር አለ»

ደብረ ማርቆስ ላይ ክፍሉ 16 ዲግሪ ሲሆን ውኃውን 25 ላይ ለማቆየት በሊትር 2 ዋት ይታሰባል። አንድ ባለ 200 ሳይሆን ሁለት ባለ 100 ዋት ማሞቂያ ይግዙ፤ አንዱ ተጣብቆ ሳይጠፋ ቢቀር ብቻውን ገንዳውን ለማፍላት አቅም የለውም። እያንዳንዱ የሚተን ሊትር 0.68 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይዞ ይወጣል፤ ስለዚህ ከላይ ከፊሉን በመስታወት መክደን የመብራቱንም የውኃውንም ወጪ ይቀንሳል። ሁሉም ተደምሮ በወር ከ70 እስከ 90 ኪሎዋት ሰዓት ይጠብቁ።

መብራት ሲጠፋ ቀድሞ የሚያልቀው ኦክስጅን ነው፣ ሙቀት አይደለም። በባሕር ወለል ከፍታ 25 ዲግሪ የሆነ የባሕር ውኃ በሊትር 6.7 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። 1,800 ሜትር ላይ ባለችው ባሕር ዳር ወደ 5.4፣ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደብረ ማርቆስ ወደ 5 ይወርዳል። ለባሕር ዳርቻ ከተሞች የተጻፈ «ይህን ያህል ዓሣ ይችላል» የሚል ምክር እዚህ አይሠራም፤ ለ100 ሊትር ሁለት ክላውንፊሽና አንድ ጎቢ ይበቃሉ። ጄኔሬተር ደግሞ ሰው ተነሥቶ ካላስነሣው ሌሊት አይረዳም። 10 ዋት የሚወስድ ባለ 12 ቮልት የሞገድ ፓምፕ ከባለ 20 አምፒር ሰዓት ባትሪ ጋር ተገናኝቶ፣ የባትሪውን ግማሽ ብቻ ተጠቅሞ 12 ሰዓት ይሠራል። ማሞቂያውን በባትሪ ማስኬድ አያዋጣም፤ ገንዳውን በብርድ ልብስ ወይም በጋቢ መጠቅለል ይበልጣል። ብቻ ላዩ ለአየር ክፍት ይሁን።

ፍሊትን ሳንጠቅስ አናልፍም። ገንዳው ባለበት ክፍል ለዝንብም ለትንኝም አይነፋ፤ ጥቂቱም ቢሆን ሽሪምፑን ይገድላል።

«ውኃው ከጠራ ዓሣ ይገባል»

የጠራ ውኃ መርዛም ሊሆን ይችላል። አምስት ግራም ገደማ ጥሬ የዓሣ ሥጋ በሻሽ ጠቅልለው ገንዳው ውስጥ ያንጠልጥሉ፤ ሲበሰብስ በሊትር ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም አሞኒያ ይሰጣል። ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ 0 እስኪሆኑ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። መጀመሪያ ቀንድ አውጣ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ዓሣ፣ ከዚያ ኮራል። ሳምንታቱ የሚያስከፍሉት መብራትና ትዕግሥት ብቻ ነው፤ ዘሎ የሚገዛ ሰው ግን ዓሣውን ሁለቴ ይከፍላል።

«ጅቡቲ ሄጄ ራሴ አመጣዋለሁ»

የድንጋይ አጽም ያላቸው ኮራሎችና የባሕር ፈረስ በሳይተስ (ለአደጋ የተጋለጡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድን በሚቆጣጠረው ስምምነት) ሁለተኛ አባሪ ውስጥ ናቸው፤ ኢትዮጵያ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባል ናት። ስለዚህ ከላኪው አገር የሳይተስ ፈቃድ ይዞ መምጣት አለበት፣ እዚህ ደግሞ ጉዳዩ የሚመለከተው የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ነው። ፈቃድ ካለው አስመጪ መግዛት ርካሽ ባይሆንም የሚያዋጣው መንገድ ነው።

የመጓጓዣው ነገር ግን የገዢው ጉዳይ ነው። በባሕር ወለል ላይ የታሸገ ከረጢት 2,400 ሜትር ሲደርስ ውስጡ ያለው አየር በአንድ ሦስተኛ ያብጣል፤ ጥርቅም ተደርጎ ከታሰረ ይፈነዳል፣ ስለዚህ ልል ሆኖ ይታሰር፣ ድርብ ከረጢትም ይሁን። ከአዲስ አበባ በመኪና የሚመጣ ከሆነ ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወርድ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ደጀን ሲወጣ ደግሞ ይበርዳል። ከረጢቱ ክዳን ባለው የፎም ሣጥን ውስጥ፣ ሣጥኑ ሻንጣ ማስቀመጫ ላይ ሳይሆን ተሳፋሪው እግር ሥር ይሁን፤ ጉዞውም በሌሊት ተነሥቶ በረሃውን ፀሐይ ሳትበረታ ማለፍ ነው።